«እናቴን ከሽሽታው ውስጥ አውጡልኝ!»

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የቆየች ካሴት በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። እናቱ ጅዳ ሰው ቤት ሲሠሩ፣ ደብዳቤ መጻፍ ስለማይሆንላቸው ድምፃቸውን በካሴት እየቀዱ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ይልኩለት ነበር። እናት ካረፉ ቆይተዋል። ከላኩት ሁሉ የተረፈችው ይቺው አንዷ ናት። በሌሎቹ ላይ ራሱ በጉርምስናው ዘመን ዘፈን ቀድቶባቸዋል! (ይህን ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም።)

ካሴቷ ስትከፈት «ሽሽሽ…» ትላለች፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ከስር ከስር የእናትየው ድምፅ አለ። አንድ ቤት ወስዶ በኮምፒዩተር አስጠርቷት ነበር። «ሽሽታው ጠፋ፤ እናቴም አብራ ጠፋች» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሰጡትን ቅጂ ስሰማው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል።

እናንተም ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለች ካሴት አትጠፋምና ስሙኝ።

ሽሽታው የሚመጣው ከራሱ ከክሩ ነው። ፊሊፕስ ካሴትን በ1963 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ለንግግር መቅጃ እንጂ ለሙዚቃ ብሎ አልነበረም። የክሩ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በሴኮንድ የሚሄደውም 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በላዩ የተቀባው የማግኔት ብናኝ ምንም ሳይቀዳበትም ይንሾካሾካል። ተናጋሪው ከማይክራፎኑ ርቆ በቀስታ ካወራ፣ እናንተ ለመስማት ቮሊዩም ስትጨምሩ ሽሽታውም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ዛሬም በካሴት የምትቀዱ ካላችሁ ጠጋ ብላችሁ፣ መርፌው ቀዩ ጋ ሊደርስ ሲል እስኪቆም ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ቅዱ።

የድሮዋን ግን… መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን እርሱት! ቴፑን ክፈቱና ሄዱን እዩት። የወዳጄ ቴፕ ሄድ ቡኒ ቆሻሻ ለብሶ ነበር። ጥጥ ንጹሕ አልኮል ነክሮ ሄዱን መጥረግ፣ ክሩን የሚጎትተውን ጥቁር ጎማም እንዲሁ፣ ከዚያ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። የካሴቷ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮችም ስበሩ፤ ያኔ ማንም ተሳስቶ ሪከርድ ቢጫን አይቀዳባትም። ወዳጄ ይህን በጊዜው ቢያውቅ ኖሮ!

ዶልቢ በምትባለዋ ቁልፍ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዶልቢ ሲቀዳም ሲሰማም መብራት አለበት፤ ሲቀዳ ደካማውን ቀጭን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፣ ሲሰማ ከነሽሽታው መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። በተራ ቴፕ በተቀዳች ካሴት ላይ ብታበሩት ግን ከሽሽታው ጋር የንግግሩንም ጥራት ይበላዋል።

ስትገለብጡ ከዋናዋ ይሁን እንጂ ከቅጂ አይሁን፤ ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር አዲስ ሽሽታ ይደረባል። ስልካችሁን ስፒከር ፊት ደቅናችሁም አትቅዱ፤ ከቴፑ ወደ ኮምፒዩተሩ በገመድ አገናኙ። ያልተነካውን ቅጂ አስቀምጡና በሌላው ላይ ሽሽታውን በጥቂቱ ብቻ ቀንሱ።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ሽሽታው አሁንም አለ፣ አልዋሻችሁም። ግን እናትየው ሲያስሉ ይሰማል፤ «በልተሃል ወይ?» ይላሉ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ወዳጄ እስከዛሬ ሰምቶት የማያውቀው ነገር መጣ። ከሩቅ አንዲት ሴት ትጣራለች፤ እናቱ በዓረብኛ አንድ ቃል መለሱና… ቀጭ! ቴፑ ተዘጋ።