የሐረር የመንግሥት ቤቶችና የፖስታ ቤት ታሪክ

በዚህ እትም ስለ ከተማችን ስለ ሐረር የመንግሥት ቤቶችና ስለ ፖስታ ቤት ላስረዳችሁ ነው። «ፖስታ ቤት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ የሳቀብኝ የክፍሌ ልጅ አለ። እሱም ያንብበው!

መጀመሪያ ስለ ገዥዎቹ። ሐረርን ድሮ የሚገዙት አሚሮች ነበሩ። የጁገልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች መጥተው ከተማዋን ያዙና እስከ 1877 ዓ.ም. ቆዩ። እነሱ ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ገዙ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ሐረርን ያዙና በኋላ ራስ የተባሉትን መኮንንን ገዥ አድርገው ሾሙ። ልብ በሉ፤ በ11 ዓመት ውስጥ ከተማዋ ሦስት ጊዜ ገዥ ቀየረች ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ፖስታ ቤት የሚባል ነገር ገና የለም። ታዲያ ደብዳቤ በምን ይሄዳል? በነጋዴ ነዋ! ራምቦን ታውቁታላችሁ አይደል? የፊልሙን ማለቴ አይደለም፤ ፈረንሳዊውን ገጣሚ ነው። በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር መጥቶ በንግድ ሥራ ኖሯል። ለእናቱና ለእህቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ከግመል ነጋዴ ጋር እስከ ዘይላ ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኤደን፣ ከኤደን ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ይሄድ ነበር። እነዚያ ደብዳቤዎች ስላልጠፉ ነው ዛሬ የዚያን ዘመን ሐረር ኑሮ ከእነሱ ማንበብ የተቻለው።

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታ እንዲቋቋም አዘዙ። መጀመሪያ ከተከፈቱት ፖስታ ቤቶች አንዱ እንጦጦ ላይ ሲሆን፣ ሌላው እዚሁ ሐረር ነው! ለምን ሐረር? ከባሕር ወደብ የሚመጣው የንግድ መንገድ በእኛ ከተማ ስለሚያልፍ ነው። ቴምብሮቹ ፓሪስ ታትመው የመጡ ሰባት ዓይነት ነበሩ። አነስተኛ ዋጋ ያላቸው አራቱ የምኒልክ ምስል፣ ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸው ሦስቱ የአንበሳ ምስል አላቸው። ትንሹ ሩብ ግርሽ፣ ትልቁ 16 ግርሽ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመርም ተዘረጋ።

አንድ ችግር ግን ነበር። ኢትዮጵያ ገና የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስላልሆነች የእኛ ቴምብር ውጭ አገር አይሠራም። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ላይ ከኢትዮጵያው ቴምብር ሌላ የፈረንሳይ ግዛት የነበረችው የጅቡቲ ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መክፈል ማለት እኮ ነው! በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል ስትሆን ይሄ ነገር ቀረ። ከዚያ በፊት በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ስለደረሰ፣ የውጭ ደብዳቤ ድሬዳዋ ድረስ በባቡር መምጣት ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ቤቶቹ ልመለስ። ጁገል ውስጥ «የራስ ተፈሪ ቤት» የሚባለው በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና ተፈሪ መኮንን ተብለው ሐረርን ሲገዙ፣ በሙሽርነታቸው ጊዜ እንደቆዩበት ይነገራል። ዛሬ ሙዚየም ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲገዛ ሐረርን የአንድ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ ከግንቡ ውጪም በምዕራብ በኩል መንገድና ሕንፃ ሠራ። ከነፃነት በኋላ የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ አሁን የሐረሪ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከዚህ የተረዳሁት፣ መንግሥት ሲቀየር ቤት ወዲያው እንደማይፈርስ ነው። ሥራው ይቀየራል እንጂ። ሥራ ያጣ ቤት ግን ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ይረሳል። የራስ ተፈሪ ቤት የዳነው ሙዚየም የሚል ሥራ ስላገኘ ይመስለኛል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ ቤቱን በየቀኑ የሚጠብቀው እዚሁ ያለ ሰው ነው።

ደብዳቤም እንደዚሁ ነው። በአገራችን ፖስተኛ በየቤቱ ስለማይዞር ሰው የሚጠቀመው በፖስታ ሳጥን ነው። ሳጥን የሌለው ደግሞ በሌላ ሰው ሳጥን «በእገሌ በኩል ይድረስ» ተብሎ ይጻፍለታል። አያቴ ወንድማቸው ከጅቡቲ የሚልኩላቸውን ደብዳቤ የሚቀበሉት በአንድ ባለሱቅ ሳጥን ነበር። ብዙዎቹ ፖስታዎች ከሰል ማቀጣጠያ ሆነው አሁን የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። በአንደኛው ጀርባ ላይ ክብ ማኅተም አለ። ማኅተሙ የፖስታ ቤቱን ስምና ቀኑን ስለሚናገር ደብዳቤው መቼ እንደደረሰ አወቅን። የሁለተኛውን ቴምብር ግን ወንድሜ ለመሰብሰብ ብሎ ልጦታል፤ ግማሹ ማኅተም አብሮ ስለሄደ ቀኑ አይታወቅም። አያቴ «የእናታችንን ማረፍ የነገረኝ የቱ እንደሆነ እንኳ አላውቅም» ይላሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ያኔ ያነበበላቸው ባለሱቁ ነበር፤ ውስጡ የነበረው ወረቀትም ጠፍቷል።

ስለዚህ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ አሮጌ ፖስታ ካለ ሦስት ነገር አድርጉ፦

1. ቴምብሩን አትላጡ፤ ከነፖስታው አስቀምጡት።
2. ማኅተሙ ላይ ያለውን ቦታና ቀን ደብተር ላይ ጻፉ።
3. ማን ለማን እንደላከው አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ።

ያገኛችሁትን ለክበባችን ንገሩን። የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቀን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ቸር ይግጠመን!