ባዶው ምትም ይቆጠራል

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መልስ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጡ እኛ ወላጆች የምንለው አንድ ነው፤ «ተነሥ! ጊዜህን አታባክን!» እኔም እዚህ አፉላ፣ ጊቭዓት ሀሞሬ ሰፈር ባለው ቤቴ ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። አንድ ምሽት ግን ከልጄ አጠገብ፣ ከሱፍ ገለባው ሳህን ጎን፣ የተገለጠ ደብተር አየሁ። በሁለት ዓምድ ቁጥር ተደርድሮበታል። «የቤት ሥራ ነው?» ብለው፣ «አይደለም አባዬ፣ የሰይፍ ፈተና ነው» አለኝ።

ጨዋታው ሩንስኬፕ ይባላል። በ2001 በእንግሊዝ አገር ተጀመረ፤ የቀድሞው ዓይነቱም በ2013 እንደገና ተከፈተ። ከየአገሩ ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይነግዳሉ፣ ፊት ለፊትም ይዋጋሉ። ልጄ ለወራት ያጠራቀመው የጨዋታ ወርቅ ነበረው። በእርሱም በሁለት እጅ የሚያዝ ትልቅ ሰይፍ ሊገዛ አሰበ። ከመግዛቱ በፊት ግን ሰይፉን ከጓደኛው ተውሶ ከራሱ ጎራዴ ጋር ያወዳድር ነበር።

ጨዋታው ጊዜን የሚቆጥረው በ0.6 ሰከንድ እርምጃ ነው። ጎራዴው በየ4 እርምጃው፣ ማለትም በየ2.4 ሰከንዱ ይመታል። ትልቁ ሰይፍ በየ7 እርምጃው፣ ማለትም በየ4.2 ሰከንዱ ነው። ስለዚህ በ84 ሰከንድ ውስጥ ጎራዴው 35 ጊዜ ሲሰነዘር ትልቁ ሰይፍ 20 ጊዜ ብቻ ይሰነዘራል። እኩል ለመሆን እንኳ የትልቁ ሰይፍ ምት የጎራዴውን 1.75 እጥፍ ጉዳት ማድረስ አለበት።

በደብተሩ መሠረት የትልቁ ሰይፍ ምት በአማካይ 16፣ የጎራዴው ደግሞ 9 ነበር። 9 በ1.75 ሲባዛ 15.75 ይሆናል። «ትልቁ በለጠ፤ ልገዛው ነው» አለኝ።

እኔ እንግሊዝኛውን አላነብም፤ ጨዋታውንም አላውቅም። ነገር ግን ከጠላቱ ራስ በላይ ብዙ ጊዜ 0 ሲወጣ አየሁ። «ይህስ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«መሳት ነው። እሱን አልጽፈውም።»

«ልጄ፣ እኔ በጎንደር ገጠር እንጨት ስፈልጥ መጥረቢያው ቢስት ግንዱ አይፈለጥም፤ ክንዴ ግን ይደክማል፤ ፀሐይዋም አትጠብቀኝም። የሳተው ምት ጊዜህን አልበላም?»

ዝም አለ። ከዚያ እርሳሱን አነሣ። ከትልቁ ሰይፍ 20 ምቶች ያገኙት 10 ብቻ ነበሩ፤ ድምሩ 160። ከጎራዴው 35 ምቶች 20ዎቹ አግኝተዋል፤ ድምሩ 180። ባዶዎቹ ሲቆጠሩ ውጤቱ ተገለበጠ።

«አንድ ዙር ግን ዕጣ ሊሆን ይችላል» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ምት እንደ ዕጣ ያወጣልና ጥቂት ምቶች ያታልላሉ። ስለዚህ ያንኑ ዓይነት ጠላት፣ ያንኑ ጥሩር፣ ያንኑ የችሎታ ደረጃ ይዞ ሦስት ምሽት ደጋገመው። ከአንድ ነገር በላይ ቢቀየር ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ አንድ ነገር ብቻ፣ መሣሪያው፣ መቀየር አለበት። ጎራዴው አልተበለጠም። የወራት ወርቁም በእጁ ቀረ።

ይህ የእርሱ ብቻ ሥራ አይደለም። በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ጨዋታ በ2008 በከተሞቹ ውስጥ የልምምድ አሻንጉሊቶች አቁሟል። ተጫዋቾች እነርሱን እየመቱ የመሣሪያቸውን ኃይልና ፍጥነት ይለካሉ።

ውድ ወላጆች፣ ሰዓት መወሰኑን አንተው። ልጆቻችን ለጨዋታ ብለው እውነተኛ ገንዘብ እንዳያወጡ፣ የአሽራይ ካርድ ቁጥርም ለማንም እንዳይሰጡ እንጠንቀቅ። ነገር ግን «ተነሥ» ከማለታችን በፊት አጠገባቸው እንቀመጥና «ምን እየሠራህ ነው?» ብለን እንጠይቅ። አማካይና የዕድል ስሌት በሒሳብ ባግሩት ውስጥም አሉ። ልጄ አሁን መልመጃ ሲሠራ ደብተሩን ያሳየኛል። እኔም ፊደሉን ባላውቀውም፣ ባዶዎቹ መጻፋቸውን አያለሁ።