ፒክአፕ ከነተሳቢው ስንት ኩንታል ይችላል?

ፒክአፕ መኪና ከውጭ አገር የሚያስመጡ ነጋዴዎች ለገዢው አስቀድመው የሚነግሩት «3,500 ኪሎ ይስባል» የሚለውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ብቻውን ሲነገር ገዢውን ያሳስታል።

ፋብሪካው ከሚወስናቸው የክብደት ልኮች ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ይኸውም መኪናው ከነሰዉና ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው፣ የተሳቢው ክብደት፣ እንዲሁም ሁለቱ በአንድነት ሊያልፉት የማይገባቸው ጠቅላላ ክብደት ነው። ይህን ሦስተኛውን የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ያህል ባዶውን 2,000 ኪሎ የሚመዝን፣ ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ የተፈቀደለት፣ 3,500 ኪሎ የሚስብ፣ የአንድነቱም ልክ 5,850 ኪሎ የሆነ ፒክአፕ እንውሰድ። አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ መኪናውንም ተሳቢውንም እስከ ልካቸው ቢጭን 6,500 ኪሎ ይሆናል፤ ከአንድነቱም ልክ በ650 ኪሎ ያልፋል። ተሳቢው 3,500 ኪሎ ከመዘነ ለመኪናው የሚቀረው 2,350 ኪሎ ነው፤ ከዚህ የራሱ ክብደት ሲነሣ 350 ኪሎ ይተርፋል። ሾፌሩና ሁለት ረዳቶቹ 200 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በመጫኛው ላይ የሚወጣው ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሦስት ከረጢት ብቻ ነው! በ3,500ው ውስጥ የተሳቢው የራሱ ብረት ጭምር እንደሚቆጠርም አይዘንጋ።

ከዚህም ሌላ ከተሳቢው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው በመኪናው መንጠቆ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ይህም ከመኪናው ጭነት ጋር ይታሰባል። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ኋላ ከበዛ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ከሆነ ደግሞ የመኪናው የፊት ጎማ ቀልሎ መሪው አልታዘዝ ይላል።

ባሌስትራ አስጨምሮ «አሁን ይችላል» ማለት የተለመደ ነው። ባሌስትራው የመኪናውን ኋላ ቀና ያደርግ ይሆናል እንጂ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ሻንሲውን አያጠነክርም። ይህም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ይታወቃል፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ ፍሬን የሌለው ከባድ ተሳቢ መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል፤ የመኪናውም ፍሬን ግሎ መያዝ ያቅተዋል። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚያስገድዱት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አስመጪው ሦስቱንም ቁጥር በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ቢጽፍ መልካም ነው። ገዢውም ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ሰዎቹ ተሳፍረው ሳለ መኪናውንና ተሳቢውን በአንድነት በመኪና ሚዛን ላይ ያስመዝን፤ ቀጥሎም ተሳቢው ሳይፈታ የመኪናው ጎማዎች ብቻ በሚዛኑ ላይ እንዲቆሙ ያድርግ። በመንጠቆው ላይ ያረፈው ክብደት የሚታየው በዚህ በሁለተኛው ምዘና ነው።