ስለ ሳንባ ካንሰር አዲስ ሕክምና እናቶች ሊያውቁት የሚገባ

በአራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እናት ሰሞኑን ጥያቄ አቀረቡልን። እኅታቸው ወራት ሙሉ ሲያስላቸው ከርሞ የሳንባ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። «ልጄ፣ ሰውነት ራሱ በሽታውን እንዲዋጋ የሚያደርግ መድኃኒት ወጥቷል ይባላል። ጎጇችንን ሸጠንም ቢሆን እናሳክማት ይሆን?» አሉን።

ውድ እናቶችና እኅቶች፣ መድኃኒቱ መኖሩ እውነት ነው። ኢሚውኖቴራፒ ይባላል። በደማችን ያሉ ነጭ ሕዋሳት እንደ ግቢ ውሻ ይጠብቁናል፤ የቤቱን ሰው እንዳይነክሱም ተፈጥሮ ሰንሰለት አድርጎላቸዋል። ካንሰሩ ይህንኑ ሰንሰለት ይዞ ያስቆማቸዋል። መድኃኒቱ ደግሞ የካንሰሩን እጅ ከሰንሰለቱ ያስለቅቃል። ለዚህ ሕክምና መሠረት የጣሉት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

መድኃኒቱ በየጥቂት ሳምንቱ እንደ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል። በሽታው የተሰራጨባቸው፣ ነገር ግን ካንሰራቸው ለመድኃኒቱ የሚስማማ ምልክት በብዛት የታየበት ሕሙማን በአንድ ጥናት ተካፍለው ነበር። ሕክምናቸውን በዚህ መድኃኒት ከጀመሩት 100 ሰዎች 32 ያህሉ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝተዋል፤ በኬሞቴራፒ ከጀመሩት ግን 16 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ይሁን እንጂ ለሁሉም አይሠራም። ከሰንሰለት የተፈታ ውሻ ባለቤቱንም ሊነክስ እንደሚችል ሁሉ፣ ጤነኛውን ሳንባ፣ አንጀት ወይም ጉበት የሚያስቆጣበት ጊዜ አለ። ዋጋውም ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፔምብሮሊዙማብን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሳንባ ካንሰር ጭምር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል።

ስለዚህ ቤት ከመሸጡ በፊት ሐኪሙን እንጠይቅ፦ ካንሰሩ ምን ዓይነት ነው? ናሙናው ተመርምሮ ለመድኃኒቱ ይስማማል ወይ? ለስንት ጊዜ ይሰጣል? ጠቅላላ ወጪውስ? ለእኒያ እናትም ከጊዮርጊስ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርደው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሐኪሞችን እንዲያማክሩ ነገርናቸው።

አንድ ነገር እንጨምር። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል የኖርነው ቲቢን ነው፤ ካንሰር ሌላ ነው። ምልክታቸው ግን ይመሳሰላል፦ የማይለቅ ሳል፣ ደም ያለበት አክታ፣ መክሳት። የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ ያልተሻለው ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ተመልሶ ይመርመር። ሳልን «ብርድ ነው፣ የከሰል ጭስ ነው» ብለን አንለፈው። በጊዜ የታወቀ የሳንባ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላልና።