በዓባይ አፋፍ የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ምን ይዛ ትነሣ?

ከደጀን በብቸና በኩል አድርጋ ወደ ሞጣ የምትበር ትንሽ አውሮፕላን በቀኟ የዓባይን በረሃ፣ በግራዋ የጮቄን ተራራ ይዛ ትጓዛለች። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከበታቿ ያለው የዓባይ ወለል ከእርሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የጮቄ ራስ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ሞተሩ የጠፋበት አብራሪ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ከሐሩርና ከውሃ ጥም፣ ወደ ግራ ቢያዘነብል ከውርጭና ከጉም ጋር ይጋፈጣል። በአንድ በረራ ውስጥ ቆላውም ውርጩም አሉ። እንግዲህ እንዲህ ባለው አገር ላይ የምትበር፣ ጥቂት ሰው ብቻ የምትይዝ አውሮፕላን ለአደጋ ጊዜ ምን ዓይነት ዕቃ ይዛ መነሣት ይገባታል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በዓባይ ገደል አፋፍ አንዲት አውሮፕላን ብትወድቅ መጀመሪያ ድምፁን የሚሰማው እረኛው፣ መጀመሪያ ከቦታው የሚደርሰው ገበሬው ነው። ስለዚህ የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች በአውሮፕላኗ ውስጥ ያለውን ዕቃ ጥቅም ማወቃቸው የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ጉዳይ ይሆናል።

ትናንሽ አውሮፕላኖች ለምሥራቅ ጎጃም እንግዳ አይደሉም። ሞጣ ቀደም ሲል የማረፊያ ሜዳ የነበራት ከተማ ናት። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የእንግሊዝ ጦር አባላት የሚበዙበት የጥናት ጓድ ከደጀን በታች ካለው የዓባይ ድልድይ ተነሥቶ በጀልባ ወንዙን ተከትሎ ወደ ምዕራብ በወረደ ጊዜ፣ ቢቨር የተባለች አንዲት ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ከላይ ሆና መንገዱን ትቃኝለትና ስንቅ ትጥልለት ነበር። የአንበጣ መንጋ አገሪቱን በወረረባቸው በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ለአሰሳና ለመድኃኒት ርጭት የተሰማሩትም ትናንሽ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። እነዚህ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው፣ ከመደበኛው የአየር መንገድ ርቀው፣ ገደልና ሸንተረር እየታከኩ ስለሚበሩ ችግር ሲገጥማቸው አብራሪው ቦታ ለመምረጥ የሚያገኘው ጊዜ አጭር ነው።

የወደቀችን ትንሽ አውሮፕላን ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አገራችን በ1981 ዓ.ም. አይታለች። የአሜሪካው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድና ሌሎች 15 ሰዎች የተሳፈሩባት ቱዊን ኦተር አውሮፕላን ነሐሴ 1 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ስትጓዝ ጠፋች። በክረምቱ ደመና ውስጥ ብዙ አውሮፕላኖች ተሰማርተው ከፈለጓት በኋላ ስብርባሪዋ ከተራራ ላይ የተገኘው ነሐሴ 7 ቀን ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው አልተረፈም፤ የትኛውም የአደጋ ጊዜ ዕቃ ባላዳናቸው ነበር። ይሁን እንጂ ያንን ያህል ቀን በጋምቤላ ጫካ ፈንታ በዓባይ ገደል ውስጥ እግሩ ተሰብሮ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ በያዘው ውሃና በሚያሳየው ምልክት ነበር የሚተርፈው።

በውጭ አገር ይህ ነገር በሕግ ጭምር ተደንግጓል። በሰሜን አሜሪካ ጫፍ ያለው የአላስካ ሕግ አውሮፕላን ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የ1 ሳምንት ስንቅ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ሣጥን፣ የእሳት ማቀጣጠያ፣ የዓሣ መንጠቆ፣ የትንኝ መከላከያ የፊት መረብና ሁለት የምልክት መስጫ እንዲይዝ ያዝዛል። በክረምታቸው የበረዶ መራመጃ ጫማ፣ የመኝታ ከረጢትና የሱፍ ብርድ ልብስም ይጨመራል። የካናዳ ደንብ ግን የዕቃ ዝርዝር ከመደርደር ይልቅ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ይናገራል፦ እሳት ማንደድ፣ መጠለያ ማበጀት፣ ውሃ ማግኘት ወይም ማጣራት፣ በዓይን የሚታይ ምልክት መስጠት። ለእኛ አገር የሚስማማው ይህኛው አስተሳሰብ ነው። የአላስካን ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ የበረዶ ጫማ ይዞ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ለመንደሩ ሕፃናት መሳቂያ ይሆናል።

በዓባይ በኩል ቅድሚያ የሚሰጠው ለውሃ ነው። ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ውሃ ግን ከ3 ቀን ብዙም አያልፍም፤ በቆላው ሙቀት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው እንኳ በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ይታሰብለት። እዚህ ላይ የክብደት ነገር ይመጣል። በደጋ ሜዳ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በተለይም ፀሐይ በበረታችበት ከሰዓት በኋላ፣ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ትፈልጋለች፤ የምትችለው ጭነትም ይቀንሳል። ለ4 ሰው የ2 ቀን ውሃ 32 ኪሎ ይመዝናል። አብራሪው ይህን ያህል ውሃ ለመያዝ ማመንታቱ አይቀርም። መካከለኛው መፍትሔ ለአንድ ቀን የሚበቃ ውሃ ይዞ፣ በተጨማሪ ውሃ አጋርን የመሰለ የውሃ ማከሚያና ማፍያ የሚሆን ቀላል ጣሳ መያዝ ነው። ሙጋንና ሱሃን የመሳሰሉ ከጮቄ የሚወርዱ ወንዞች ስላሉ ውሃ ይገኛል፤ ነገር ግን ሳይታከም አይጠጣም። ከዓባይ ዳር ለሚቀዳ ሰው አዞ መኖሩን መዘንጋት የለበትም።

ስለ ስንቅ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በሶ ቀላል፣ የማይበላሽና ኃይል የሚሰጥ በመሆኑ ከውጭ ከሚመጣው ብስኩት አያንስም። ጨው የበዛበት ቆሎ ግን ጥም ያስነሣል፤ በሶም ውሃ ከሌለ አይዋጥም። ውሃ ያጣ ሰው ከምግብ ቢታቀብ ይሻለዋል።

በጮቄ በኩል የሚገድለው እርጥብ ብርድ ነው። ጋቢ በደረቅ ሌሊት ያሞቃል፤ ዝናብ ከመታው በኋላ ግን ጥጡ ውሃ ጠጥቶ ገላን ያቀዘቅዛል። የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም ባና ረጥቦም ቢሆን ጥቂት ሙቀት ይይዛል። ከዚህ ጋር ወፈር ያለ የፕላስቲክ ሸራ ከተያዘ በደጋ ዝናብ ይከላከላል፤ በቆላ ጥላ ይሆናል፤ የዝናብ ውሃም ይጠራቀምበታል። በክብደቱ ልክ ሲመዘን ይህን ያህል የሚያገለግል ዕቃ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ነጭ ጋቢም ቢሆን አይጣልም። በጥቁር ድንጋይ ወይም በደረቀ ሣር ላይ ሲዘረጋ ከሰማይ ከሩቅ ይታያል። ለሸለቆው ደግሞ ወባ ስላለበት አጎበር መያዝ ያስፈልጋል። በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፣ ቢላዋ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ደም ማቆሚያ ፋሻና የእጅ ባትሪም አይቀሩም።

ከእነዚህ ውስጥ ፊሽካ፣ ትንሽ መስተዋት፣ ክብሪት፣ ቢላዋና ፋሻ ኪስ ባለው ሰደርያ ተከትተው አብራሪው ከገላው ሊያጠልቃቸው ይገባል። አውሮፕላን ወድቆ ቤንዚኑ ከተያያዘ ሰው የሚያመልጠው በለበሰው ልብስ ነው፤ ከመቀመጫው ኋላ የታሰረው ሣጥን፣ ምንም ያህል ቢሟላ፣ ይቃጠላል። ብዙ ሰው በሣጥኑ ላይ ተጨንቆ ሰደርያውን ይረሳል።

ከሁሉም የላቀው ዕቃ የአደጋ ምልክት ማሰራጫው ራዲዮ ነው። አውሮፕላኗ በኃይል ስትመታ በራሱ ተነሥቶ ወደ ሳተላይት ምልክት ይልካል። በዚህ ዘዴ ሰው መጀመሪያ የተረፈው በ1974 ዓ.ም. መገባደጃ በካናዳ ተራሮች ከወደቀች ትንሽ አውሮፕላን ሲሆን፣ የተረፉትም 3 ሰዎች ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሳተላይቶቹ ከጥር 2001 ዓ.ም. ወዲህ የሚቀበሉት የ406 ሜጋኸርዝን ምልክት ብቻ ነው። በ121 ነጥብ 5 ብቻ የሚሠራውን አሮጌ ራዲዮ አሁን የሚሰማው በአቅራቢያ የሚበር አውሮፕላን ነው። ጥልቅ ገደልም የሰማዩን ገጽ ስለሚያጠብበው፣ ከገደሉ ሥር የተላከ ምልክት ሊዘገይ ይችላል።

ይህ ራዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ብርቱካናማ ቀለም ያለውና ወደ አውሮፕላኗ ጅራት አካባቢ የሚታሰር ነው። የማኅበር መሪዎች ለሕዝቡ ሊያስረዱ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ማንም አይንካው፣ አያጥፋው፣ ወደ ቤቱም አይውሰደው። አንድ ሰው ያማረ ዕቃ መስሎት ጎጆው ቢያስገባው፣ ፈላጊዎቹ ቁስለኞቹን በገደል ትተው ወደ እርሱ ጎጆ ይመጣሉ።

የወደቀች አውሮፕላን ስትገኝ በቅድሚያ ጢስና የቤንዚን ሽታ መኖሩ ይታያል፤ ሲጋራም ሆነ ፋኖስ አይቀርብም። ቁስለኛው የእሳት ሥጋት ከሌለ በችኮላ አይጎተት፤ የሚፈስ ደም ግን ወዲያው ይታሰር። ስልክ በገደሉ ውስጥ እንቢ ካለ ፈጣን ወጣት ወደ አፋፍ ወጥቶ ለወረዳውና ለፖሊስ ይንገር፤ እነርሱም የፍለጋውን ሥራ ለሚመራው ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያስተላልፋሉ። መልእክቱ ቦታውን በወንዝና በጎጥ ስም፣ በየትኛው የወንዝ ዳርቻ እንደሆነም ለይቶ መያዝ አለበት። በዓባይ ላይ ወዲያ ማዶ ሆኖ የሚታይ ሰው ጋ ለመድረስ ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

ፈላጊ አውሮፕላን ሲመጣ በመሬት ላይ የሚጻፉ ምልክቶች በዓለም ሁሉ አንድ ናቸው። ከታች ተጋጥመው ከላይ የተከፈቱ ሁለት መስመሮች፣ ማለትም የቪ ፊደል፣ «ዕርዳታ እንፈልጋለን» ማለት ነው። የተጋደመ መስቀል፣ ማለትም ኤክስ፣ «ሐኪም ያስፈልጋል» ይላል። የባላ እንጨት ቅርጽ ያለው ዋይ «አዎ» ሲሆን፣ ቀስት ደግሞ «በዚህ አቅጣጫ ሄደናል» ማለት ነው። ምልክቱ ከ2 ሜትር ተኩል ማነስ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ቢሰፋ ይመረጣል። በተዘረጋ ጋቢ፣ በተደረደረ ነጭ ድንጋይ ወይም በተቆፈረ አፈር ይሠራል። በሦስት ማዕዘን የሚነዱ 3 እሳቶችም የአደጋ ምልክት ናቸው፤ በቀን እርጥብ ቅጠል ቢጨመርባቸው ጢሱ ይበዛል። ይሁን እንጂ በበጋ የቆላው ሣር እሳት ስለሚያስፋፋ ዙሪያው አስቀድሞ ይጥረግ።

አብራሪው ምልክቱን ካየ በቀን ክንፎቿን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ በሌሊት ደግሞ መብራቱን ሁለት ጊዜ ያበራል፣ ያጠፋል። ይህን ሳያደርግ ካለፈ አላየም ማለት ስለሆነ፣ ጋቢው ሳይታጠፍ፣ እሳቱም ሳይጠፋ ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል።