ሚቴንና «ተአምረኛው ካታሊስት»

ሌሊት በነዳጅ ጉድጓድ አጠገብ፣ በረጅም ቧንቧ ጫፍ ላይ የሚንቀለቀለው ነበልባል ያንገበግባል። የሚነደው በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ከሚቴን ሜታኖል፣ ከሜታኖልም ሙጫና ፕላስቲክ ይሠራል። በዓለም ባንክ ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ወደ 148 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጋዝ እንዲሁ ነዶ ቀርቷል።

ቁጭቱ ግን ተረት ወልዷል፦ «ትክክለኛው ካታሊስት ይገኝ እንጂ ነበልባሉ በማግስቱ ገንዘብ ይሆናል» የሚል። ካታሊስት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው።

ተረቱ ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በመዳብና በዚንክ ካታሊስት፣ ከ250 አትሞስፌር በላይ ይጠይቅ የነበረውን የሜታኖል ሥራ ከ100 በታች አወረደው። ያ ካታሊስት ግን ሚቴንን በቀጥታ አይለውጥም። ሚቴኑ አስቀድሞ ከእንፋሎት ጋር፣ ከ800 ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ፣ በኒኬል ላይ አልፎ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ምድጃ የሚያዋጣው ለግዙፍ ፋብሪካ ነው፤ ነበልባሎቹ ግን በየበረሃውና በየባሕሩ ተበታትነዋል።

በአንድ እርምጃ መለወጥስ? ሚቴን ጠንካራ ነው፤ አራቱን ሃይድሮጅኖቹን አጥብቆ ይይዛል። ሜታኖል ደግሞ ከእሱ ይልቅ በቀላሉ ይጠቃል። ስለዚህ ሚቴንን ለመክፈት የበረታ ካታሊስት የገዛ ምርቱን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኬሚስቱ ሮይ ፔሪያና እና ባልደረቦቹ በፕላቲነም ካታሊስት፣ በጋለ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ፣ ከ70 በመቶ በላይ ምርት አገኙ። አሲዱ ሜታኖሉን ከመቃጠል ጠበቀው። ነገር ግን ውኃ ሲጠራቀም ካታሊስቱ ይደክማል፤ ሜታኖሉን ከአሲዱ መለየትም ውድ ነው።

«ሳይንቲስቶች ሚቴንን ወደ ሜታኖል ለወጡ» ብለው የሚያስተጋቡ ሰዎች ስንት ግራም እንደተገኘ፣ ካታሊስቱም ስንት ሰዓት እንደቆየ ሊናገሩ ይገባል። ዝምታቸው ጉዳት አለው፤ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ዛሬ በመፍቻ የሚጠብቀውን የሚያፈስ ቧንቧ ችላ ይላል። ያመለጠው ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል።

«ካታሊስት አያልቅም» የሚሉም አሉ። በምድጃው ያሉትን የኒኬል እንክብሎች ግን ጥላሸት ይለብሳቸዋል፤ ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ጋዝ የያዘው ድኝም ይመርዛቸዋል። «ማቃጠልም መልቀቅም ያው ነው» ማለትም ስሕተት ነው፤ መቃጠሉ ይሻላል፣ ነፋስ ነበልባሉን ሲያጠፋው ግን ሚቴኑ እንዳለ ይወጣል።

ረግረግ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሚቴንን ያለ ምድጃ ሜታኖል ያደርጋሉ። ለእያንዳንዱ ሞለኪውል ግን ከገዛ ጉልበታቸው ኤሌክትሮን ይከፍላሉ።