ኢንተርኔት ለሚቋረጥበት ኮምፒውተር ጸረ-ቫይረስ መምረጥ፦ ከደብረ ማርቆስ ተመራማሪ አንጻር

የጸረ-ቫይረስ ሶፍትዌሮችን የሚያወዳድሩ አብዛኞቹ የደረጃ ሰንጠረዦች ኮምፒውተሩ ዘወትር ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ እንደሆነ አስቀድመው ይገምታሉ። ይህ ግምት በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ሁልጊዜ አይሠራም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። ግንኙነት ሲጠፋ የመመረቂያ ጽሑፍ ከተማሪ ወደ አማካሪ፣ ከዚያም ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄደው በፍላሽ ነው። ቫይረሱም አብሮ ይጓዛል።

በፍላሽ ከሚዛመቱት መካከል በተጠቃሚዎች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። ፋይሎቹን ደብቆ በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮችን ያስቀምጣል፤ ተጠቃሚው አቋራጩን ሲከፍት ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፣ ተሰውረዋል እንጂ። ይህን ሳያውቅ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርግ ሰው ግን የወራት ሥራውን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ጸረ-ቫይረስ አደጋን የሚለየው በአንድ በኩል በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው የመለያ ዝርዝር፣ በሌላ በኩል ከአምራቹ ሰርቨር በኢንተርኔት በሚያገኘው ምላሽ ነው። ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ የተባለው የኦስትሪያ የፍተሻ ተቋም ያለ ኢንተርኔትና በኢንተርኔት የሚገኘውን ውጤት ለይቶ ያወጣል፤ ለዚህ አካባቢ መታየት ያለበትም ይኸው ዓምድ ነው። በእነዚህ ፍተሻዎች የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ውጤት ያለ ኢንተርኔት ጉልህ በሆነ መጠን ሲቀንስ ታይቷል። ቢትዲፌንደርን በመሳሰሉት ግን ልዩነቱ ጠባብ ነው።

እንዲህም ሆኖ ዲፌንደርን መጣል ተገቢ አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሙሉ ጸረ-ቫይረስ ሆኖ አብሮ የሚመጣ ነው፤ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ክፍያም የለበትም። የመለያ ዝርዝሩን የያዘውን ፋይል ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ግንኙነት ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማምጣትና መጫን ይቻላል። መጠኑ ከ100 ሜጋባይት ስለሚበልጥ አንዱ አውርዶ ለሌሎች ቢያካፍል ይመረጣል። በተጨማሪም ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ ሲያደርግ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር ፍላሽን አያካትትም፤ ስለዚህ እንግዳ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር በቀኝ ጠቅታ ለብቻው ማስፈተሽ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ 7 ላይ ያለው ዲፌንደር ግን ስለላ ሶፍትዌርን ብቻ የሚከላከል በመሆኑ እንደ ጸረ-ቫይረስ ሊቆጠር አይገባም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ነጻ የሚባሉት ሌሎች ምርቶችም ዋጋቸው በሌላ መንገድ ሊከፈል ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በየካቲት 2016 ዓ.ም. አቫስት የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ አሰሳ መረጃ ሸጧል በማለት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የሚያደርግ ትእዛዝ አቅርቧል። የቃለ መጠይቅ ቅጂና የተሳታፊዎች ስም በላፕቶፑ የያዘ ተመራማሪ ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ሊያልፈው አይችልም።

ከምርቱ ይልቅ አጠቃቀሙ የሚወስንበት ሁኔታም አለ። የተሰበረ የስታቲስቲክስ ወይም የጽሑፍ ሶፍትዌር ሲጫን «ጸረ-ቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ አብሮ መምጣቱ የተለመደ ነው። ይህን የፈጸመ ተጠቃሚ የትኛውን ጸረ-ቫይረስ እንደ መረጠ መጠየቁ ብዙም ትርጉም የለውም።